የታካሚ ተሟጋች ማን ነው? የሚሠራውስ ለማን ነው?

አክስቴ ከሆስፒታል በወጣች በሦስተኛው ቀን ቤቷ ስሄድ ራሷን እያዞራት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ አገኘኋት። «ድካም ነው፣ ይለቀኛል» አለችኝ። ሁላችንም አመንናት። በማግስቱ የቀጠርናት የታካሚ ተሟጋች መጣች። ገና ከመቀመጧ «ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አምጡልኝ» አለች። ሁሉ ማለት ሁሉ ነው፤ መታጠቢያ ቤት ያለውን፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ያለውን፣ ካቻምና የተረፈውን ሳይቀር። በፌስታል ሰብስበን አመጣንላት። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ ሁለቱን ለይታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንዱ ላይ «ሜቶፕሮሎል» ይላል። ሌላው ላይ «ሎፕሬሰር» ይላል። ስማቸው ለየቅል፣ የክኒኑ ቀለም ለየቅል፣ የታዘዙበት ቀን ለየቅል። መድኃኒቱ ግን አንድ ነው። አንዱ አምራቹ ያወጣለት የንግድ ስም ነው፣ ሌላው የመድኃኒቱ የራሱ ስም። አክስቴ የደም ግፊትና የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት እጥፍ አድርጋ ስትውጥ ነበር ማለት ነው።

ተሟጋቿ «አንዱን አቁሚው» አላለቻትም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ያደረገችው ስልክ አንስታ የሐኪሟ ቢሮ መደወል ነው። ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፍ አደረገችውና ለነርሷ የሁለቱንም ብልቃጥ ስም፣ መጠኑን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወስደው፣ ቤት ባለው የግፊት መለኪያ ላይ የወጡትን ቁጥሮች አነበበችላት። ነርሷ ሐኪሙን ጠይቃ መልሳ ደወለች። የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚቀጥል ነገረችን። አለቀ።

ለአክስቴ ያዘዘላት የሆስፒታሉ ሐኪም ጥሩ ሐኪም ነው። የቆየው የቤተሰብ ሐኪሟም ጥሩ ሐኪም ነው። መድኃኒቱ ግን የተገዛው ከሁለት ፋርማሲ ነበር፣ አንዱ ሌላው ያለውን አያይም፣ እኛ ቤተሰቦቿም ብልቃጦቹን አንድ ላይ አድርገን አይተናቸው አናውቅም። የጠፋው እውቀት ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ላይ የሚያይ ሰው ነበር።

ስለዚህ ሙያ ልጽፍ የተነሳሁት አሜሪካ ውስጥ ለምትኖሩ፣ ወይም እዚህ የሚታከም ወላጅ ላላችሁ ነው። ሕጎቹም ገንዘቡም የአሜሪካ ናቸው፣ ዓመታቱም በፈረንጅ አቆጣጠር።

ገለልተኛ የታካሚ ተሟጋች ማለት ባጭሩ፣ በታማሚው ወይም በቤተሰቡ ተቀጥሮ ይሄን የተወሳሰበ የሕክምና ሥርዓት የሚያሻግር ሰው ነው። ቀጠሮ ላይ አብሮ ይገባል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ያልገባን ነገር እንዲደገምልን ይጠይቃል። የሕክምና መዝገብ ያሰባስባል። ከኢንሹራንስ ጋር ይከራከራል። ቢል ይፈትሻል። ብዙዎቹ ቀድሞ ነርስ፣ ሶሻል ወርከር ወይም የኢንሹራንስ ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። ወላጁን ወይም ልጁን አስታሞ፣ ሥርዓቱን በመከራ ተምሮ ወደዚህ ሥራ የገባም አለ።

«ተሟጋች» ስላልኩ የሕግ ጠበቃ እንዳይመስላችሁ። የሕክምና ስህተት ተፈጽሞብኛል፣ ሆስፒታሉን እከሳለሁ የሚል ሰው የሚያስፈልገው ጠበቃ ነው። ተሟጋች ሐኪምም አይደለም። ቀድሞ ነርስ ቢሆን እንኳ በዚህ ሥራው ላይ በሽታ አይመረምርም፣ መድኃኒት አያዝም፣ አያስቆምም። ያቺ ሴትዮ «አቁሚው» ያላለችው ለዚህ ነው። የሚወስኑት ሐኪሙና ታማሚዋ ናቸው፤ የእሷ ሥራ ሁለቱ ትክክለኛውን መረጃ ይዘው እንዲወስኑ ማድረግ ነው። ተሟጋች ነኝ እያለ «ይሄን ኪሞ ተዉት፣ እኔ የተሻለ አውቃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ያንኑ ቀን አሰናብቱት።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ሃሮልድ ፍሪማን የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ሲሠራ፣ የጡት ካንሰር ያለባቸው ድሃ ሴቶች በሽታው ከገፋ በኋላ እየመጡ ሲሞቱ ያይ ነበር። በ1990 አንድ ነገር ጀመረ። አንዲት ሴት ላይ አጠራጣሪ ነገር ከታየበት ቀን አንስቶ ምርመራዋና ሕክምናዋ እስኪያልቅ ድረስ አብሯት የሚሄድ፣ ቀጠሮውን፣ ወረቀቱን፣ ክፍያውን፣ ፍርሃቷንም ጭምር አብሮ የሚሸከም ሰው መደበላት። ይሄ ከነጻ ወይም ከርካሽ ምርመራ ጋር ተደምሮ፣ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ በሕይወት የሚቆዩት ሴቶች ከ39 በመቶ ወደ 70 በመቶ ከፍ አሉ። አዲስ መድኃኒት አልተፈጠረም። የነበረው ሕክምና በጊዜው ደረሳቸው፣ ያ ብቻ ነው። እኔ ይሄን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል፣ ምክንያቱም በወረቀትና በቀጠሮ መሀል የጠፋ ሰው ስንት እንደሆነ ያስታውሰኛል።

ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይቺን ጥያቄ ያዙ። «ተሟጋች»፣ «ናቪጌተር»፣ «ኬዝ ማናጀር» የሚል ካርድ የያዘ ሰው ብዙ ነው። ሁሉም ደግ ሊሆን ይችላል። ግን ሰው መጨረሻ ላይ የሚታዘዘው ለከፋዩ ነው።

አብዛኞቹ ትልልቅ ሆስፒታሎች የራሳቸው የታካሚ ተሟጋች አላቸው። ነጻ ነው። ክፍሉ ቆሻሻ ከሆነ፣ ነርስ ተጠርታ ካልመጣች፣ አስተርጓሚ ካልተገኘ፣ እሱን ጥሩት፣ ቶሎ ይፈታላችኋል። ነገር ግን ጠባችሁ ከሆስፒታሉ ከራሱ ጋር ሲሆን፣ ለምሳሌ «ገና ሳይሻላት ልታስወጧት ነው» የምትሉበት ቀን ላይ፣ የእሱ ቀጣሪ በጠረጴዛው ማዶ ነው የተቀመጠው። የኢንሹራንሱ ኬዝ ማናጀርም እንደዚያው። ቀጠሮ ያመቻቻል፣ በኔትወርክ ውስጥ ያለ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው ሐኪም ያፈላልጋል፣ የራሱ ድርጅት የከለከለውን ሕክምና ግን ተከራክሮ ያስፈቅድላችኋል ብላችሁ አትጠብቁ።

አንድ ሌላ ዓይነት አለ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት። «አረጋውያን ወላጆቻችሁ የሚኖሩበት ጥሩ ተቋም በነጻ እናፈላልጋለን» የሚሉ አሉ። ለቤተሰቡ እውነትም ነጻ ነው። ኮሚሽኑን የሚከፍለው ተቋሙ ነው፣ ስለዚህ የማይከፍላቸውን ተቋም፣ የተሻለ ቢሆንም እንኳ፣ ዝርዝራቸው ላይ ላታዩት ትችላላችሁ። ገለልተኛ የሚባለው ተሟጋች ከሆስፒታልም፣ ከኢንሹራንስም፣ ከእንዲህ ዓይነት ተቋምም ገንዘብ የማይቀበል ነው። በቀጥታ ጠይቁት፤ «እኔን ወደ ሆነ ቦታ በመላክህ የምታገኘው ጥቅም አለ?» በሉት። ቅን ሰው ይሄ ጥያቄ አያስቀይመውም።

ለምን ይሄ ሁሉ?

በ2003 የታተመ አንድ የሕክምና ጽሑፍ እንደሚለው፣ ሐኪም ከነገረን ነገር ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንረሳዋለን። ከምናስታውሰውም ግማሽ የሚጠጋውን አሳስተን ነው የምናስታውሰው። ይሄ የደከመ አእምሮ ያለው ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። «ካንሰር» የምትል ቃል ከሰማ በኋላ ቀጣዩን ዐሥር ደቂቃ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ልጅም፣ ሚስትም፣ ባልም አብሮ ቢገባ ያው ነው፣ እሱም እየደነገጠ ነው የሚሰማው። ልቡ ያልተሰበረ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ሲኖር የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ጋ ነው።

ሌላው ምክንያት ሥርዓቱ በትንንሽ ቃላት የተሞላ መሆኑ ነው። አንዷን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳባት ናትና።

ሰው ሆስፒታል ገብቶ፣ አልጋ ተሰጥቶት፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት አራት ሌሊት ሊያድር ይችላል። እሱም ቤተሰቡም «ተኝቶ እየታከመ ነው» ይላሉ። የሆስፒታሉ መዝገብ ግን «ተመላላሽ ታካሚ፣ ለክትትል የቆየ» ሊል ይችላል። «ኦብዘርቬሽን» የሚሉት ይሄ ነው። አልጋው ያው፣ ነርሷ ያቺው፣ ምግቡ ያው። የሚለየው መዝገቡ ላይ ያለው ቃል ብቻ ነው። መዘዙ የሚመጣው ሲወጣ ነው። መደበኛው ሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ)፣ ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ነርሶች ባሉበት የማገገሚያ ተቋም ሲገባ ወጪውን የሚችለው ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀን «ተኝቶ ታካሚ» ተብሎ ተመዝግቦ ከቆየ ነው። የወጣበት ቀን አይቆጠርም። ለክትትል የቆየበት ሌሊት አንዱም አይቆጠርም። ሕጉን ካሟላ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሜዲኬር ሙሉውን ይከፍላል፣ እስከ 100 ቀን ድረስም ከታማሚው ጋር ተካፍሎ ይከፍላል። ካላሟላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኪስ ነው። ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባሉት የግል ፕላኖች ብዙዎቹ ይሄን የ3 ቀን ሕግ አይጠይቁም፣ እነሱ ደግሞ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ታዲያ ልምድ ያለው ተሟጋች ሆስፒታል እንደደረሰ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ምን ተብላ ነው የተመዘገበችው?» የሚለው ነው። ለምን ቶሎ? ታማሚዋ ገና አልጋው ላይ እያለች ሐኪሙ አስቦበት ምዝገባውን መቀየር ይችላል፤ ከወጣች በኋላ ማስቀየር በጣም ከባድ ነው። ሆስፒታሉ የሜዲኬር ታካሚን ከ24 ሰዓት በላይ በክትትል ካቆየ በ36 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ችግሩ ያ ወረቀት ከሌላ ዐሥር ወረቀት ጋር ነው የሚመጣው፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ተብሎ። የፈረመ ሁሉ አንብቦ አይደለም።

መውጣት ላይም ሌላ መብት አለ። ሜዲኬር ኖሯት ተኝታ የምትታከም ሰው «ነገ ትወጫለሽ» ስትባል ገና አልዳንኩም ብላ ካሰበች፣ ከሆስፒታሉ ውጭ ላለ ገምጋሚ ድርጅት ይግባኝ ማለት ትችላለች። ስልኩ ሆስፒታል ስትገባ በሚሰጣት የሜዲኬር ማሳወቂያ ላይ አለ። ግን እንድትወጣ ከተባለበት ቀን ሳታልፍ መደወል አለባት። በጊዜው ከደወለች ውሳኔው እስኪመጣ የምትቆይበት ጊዜ ከተለመደው ድርሻዋ በላይ አያስከፍላትም።

ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ሲል

የክልከላ ደብዳቤ ሲመጣ አብዛኛው ሰው አንዴ ያነባል፣ ይናደዳል፣ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። እባካችሁ አትክተቱት። በመሥሪያ ቤት ወይም መንግሥት ባቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ በኩል የተገዛ የግል ኢንሹራንስ ከሆነ ለራሱ ለኢንሹራንሱ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። ሕክምናው ገና ያልተሰጠ ከሆነ በ30 ቀን፣ ተሰጥቶ ያለቀ ከሆነ በ60 ቀን መመለስ አለባቸው። አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት። እነሱ አሁንም እንቢ ካሉና ክርክሩ የሕክምና ጉዳይ ከሆነ፣ በ4 ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጭ ባለ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲታይላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የእሱ ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድደዋል። ሜዲኬርና ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) የየራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው፣ ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እዩ።

ተሟጋች እዚህ ጋ ምን ይጨምራል? ቁጣ አይጨምርም። ኢንሹራንሱ የከለከለበትን መስፈርት በጽሑፍ ያስመጣል፤ መስፈርቱንና የጉዳያችሁን ፋይል በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ። ከዚያ መስፈርቱን ከሐኪሙ ማስታወሻ ጋር መስመር በመስመር ያስተያያል። ለምሳሌ የወገብ ኤምአርአይ ተከለከለ እንበል። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው መስፈርት ታማሚው አስቀድሞ የ6 ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ወይም ተመሳሳይ ሕክምና ሞክሮ መሆን አለበት ይላል። ታማሚው ሞክሯል። ግን የሞከረው ሌላ ክሊኒክ ነው፣ ኤምአርአዩን ያዘዘው ሐኪም መዝገብ ላይ ደግሞ ስለዚያ አንድም መስመር የለም። ስለዚህ ኢንሹራንሱ ዘንድ አልሞከረም። ተሟጋቹ የፊዚዮቴራፒውን መዝገብ ከዚያኛው ክሊኒክ ያስመጣል፣ ሐኪሙ ይሄንኑ ጠቅሶ አጭር ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠይቃል፣ ወይም ሐኪሙ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በቀጥታ በስልክ እንዲነጋገር ቀጠሮ ያስይዛል። ብዙው ክልከላ የሚፈታው በእንዲህ ዓይነት አሰልቺ ሥራ ነው። ታሞ፣ ወገቡ እየተቆረጠ፣ በስልክ ሙዚቃ እየሰማ 40 ደቂቃ መጠበቅ ለማይችል ሰው ግን ይሄ አሰልቺ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ቢል ላይ በአጭሩ ልለፍ። ጠቅላላ ድምር ብቻ ያለበት ቢል ሲመጣ አትክፈሉ፣ እያንዳንዱ አገልግሎት የተዘረዘረበትን ጠይቁ፣ ከኢንሹራንሱ ከሚመጣው መግለጫ ጋር አስተያዩት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ፤ በድንገተኛ ሕክምና፣ ወይም በኔትወርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ሳታውቁት ከኔትወርክ ውጭ የሆነ ሐኪም ቢያክማችሁ፣ ተጨማሪ ዕዳ እንዳይጫንባችሁ ይከለክላል። የመሬት አምቡላንስን ግን አይጨምርም። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ደግሞ ቀጠሮ ሲይዝ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ማግኘት አለበት፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ቢሉ ከመጣ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይችላል። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ሁሉ አቅም ለሌለው ሰው የሚቀንሱበት ወይም የሚተዉበት የተጻፈ ደንብ ሊኖራቸው ግድ ነው፣ ማመልከቻውንም ከመጀመሪያው ቢል አንስቶ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለባቸው። ይሄን ሳያውቅ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ስንት ሰው አለ።

ቋንቋስ?

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ፣ ማለትም አብዛኛው፣ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊሆን ይችላል። ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድም። ይሄን አጥብቄ የምናገረው የ12 ዓመት ልጅ ለእናቷ የማሕፀን ምርመራ ውጤት ስታስተረጉም ስላየሁ ነው። ልጅቷ ግማሹን አልገባትም፣ የገባትን ግማሽ ደግሞ ለመናገር ፈራች። ተሟጋች አስተርጓሚ አይደለም፣ አማርኛ ቢችል እንኳ። ጥሩ ተሟጋች ከቀጠሮው በፊት ደውሎ አስተርጓሚው መያዙን ያረጋግጣል፤ እሱ ቁጭ ብሎ የሚሰማውና የሚጽፈው ያኔ ነው።

ስትመርጡት

ለዚህ ሥራ የመንግሥት ፈቃድ የለም። ዛሬ ተነስቶ «ተሟጋች ነኝ» ማለትን የሚከለክለው የለም። ያለው በፈቃደኝነት የሚወሰድ ፈተና ነው፤ ከ2018 ጀምሮ ተፈትኖ ያለፈ ሰው የሙያው ፈተና ቦርድ ያረጋገጠለት የታካሚ ተሟጋች የሚል ማዕረግ ያገኛል፣ በፊደሉ ቢሲፒኤ ይሉታል። መኖሩ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ከእናንተ ጉዳይ ጋር የሚመሳሰል ነገር ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ነው። በቢል የተካነ ሰው ለአእምሮ ጤና ጉዳይ ላይሆን ይችላል። «የማትሠራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁሉን እችላለሁ የሚለውን ተጠንቀቁ፤ «እርግጠኛ ውጤት አመጣለሁ» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ ተዉት፣ ምክንያቱም የኢንሹራንስ ውሳኔ በማንም እጅ አይደለም።

በብዛት የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው፣ በሰዓት 100 ወይም 200 ዶላር፣ ከዚያም በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። ቢል ላይ ብቻ የሚሠሩ አንዳንዶች ካስቀነሱት ላይ በመቶኛ ይወስዳሉ። የጤና ኢንሹራንስ በአጠቃላይ ይሄን ወጪ አይከፍልም። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገመት፣ ስልክና ኢሜይልም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር እንደሆነ፣ እሱ ቢታመም ማን እንደሚተካው፣ የሙያ ተጠያቂነት ኢንሹራንስ ይኑረው አይኑረው። እኛ ከአክስቴ ልጆች ጋር ተዋጥተን ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የገዛነው። ስድስቱ ሰዓት ምን ላይ እንደሚውል አስቀድመን ስለተነጋገርን በቃን።

አብራችሁ ስትሠሩ

የመጀመሪያው ወረቀት የጤና መረጃ እንዲሰጠው የሚፈቅድ ፊርማ ነው። ሂፓ የሚባለው የ1996 ሕግ የታማሚን ምስጢር ስለሚጠብቅ፣ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ካለዚያ ፊርማ መዝገብ አይሰጡትም። ፊርማው ግን መረጃ እንዲያገኝ ነው እንጂ በታማሚው ፈንታ እንዲወስን አይደለም። ታማሚው ራሱን ቢስት የሚወስንለት ሰው በጤና ውክልና ነው የሚሰየመው፣ እሱም ታማሚው ሙሉ አእምሮው እያለ መፈረም አለበት። ያ ሰው ብዙ ጊዜ የቤተሰብ አባል ነው፣ መሆንም ያለበት ይመስለኛል።

ከዚያ እውነቱን ንገሩት። ታማሚዋ የሚያስመልሳትን ክኒን መውሰድ ካቆመች ሦስት ወር ሆኗት ከሆነ ንገሩት። ከሐኪሙ ተደብቆ የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ካለም ይወቀው። ተሟጋች ሊረዳ የሚችለው የሚያውቀውን ያህል ነው። የምትፈልጉትንም ቁርጥ አድርጉ። «እናቴን እርዳልኝ» የሚለው ለማንም አይገባም። «የቀዶ ሕክምናው ቀን ሳይደርስ የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት እንፈልጋለን» ሲባል ግን ሰውየው ስልክ ያነሳል።

ቤተሰቡ አንድ ሰው ይወክል። አራት ልጆች በአራት አቅጣጫ ሲደውሉለት ሰዓቱም ገንዘቡም ያልቃል፣ የሚናገሩት ደግሞ ሊጋጭ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። አንዳንዴ ቤተሰብ ሕመሙን ከታማሚው መደበቅ ይፈልጋል፣ ከፍቅር የተነሳ። ተሟጋቹን የሚከፍለው ልጅየው ሊሆን ይችላል፣ የሚሠራው ግን ለታማሚዋ ነው። «ለእሷ እንዳትነግራት» ብላችሁ ብታዙት አይስማማም፣ መስማማትም የለበትም። የሚችለው እሷን ራሷን መጠየቅ ነው፤ «ስለ ሕመምሽ ሁሉንም መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለልጅሽ ይነገርልሽ?» ብሎ። አንዳንዷ «ለልጄ ንገሩት» ትላለች፣ ያ መብቷ ነው። አንዳንዷ ግን ከተደበቀባት በላይ ታውቅ ኖሯል።

ለሐኪሙም አስተዋውቁት። «ይሄ ሰው ማስታወሻ የሚይዝልን ነው» ማለት ይበቃል። ሐኪም ካሜራና ክስ ይዞ የመጣ ሰው መስሎት ከተቆጠበ ጉዳቱ ለታማሚዋ ነው። የማውቃት ተሟጋች ቀጠሮ ላይ ብዙ አትናገርም። መጨረሻ ላይ «በትክክል ከጻፍኩት ልጠይቅ» ትልና የተባለውን በሦስት ዓረፍተ ነገር መልሳ ታነባለች። ሐኪሙ አንዱን ያርማል። ሁልጊዜ የሚታረም አንድ ነገር አይጠፋም።

ገንዘቡ ከሌለስ?

ሜዲኬር ላላቸው በየስቴቱ ነጻና ገለልተኛ የምክር አገልግሎት አለ፣ በአጭሩ ሺፕ ይባላል፤ ፕላን ለመምረጥም ይግባኝ ለማለትም ይረዳሉ፣ ኢንሹራንስ አይሸጡም። ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው ፔሸንት አድቮኬት ፋውንዴሽን ከባድና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች በነጻ ይከራከራል። ብዙ የካንሰር ማዕከላት ናቪጌተር አላቸው፤ ተቀጣሪነቱ የማዕከሉ ቢሆንም ለቀጠሮና ለትራንስፖርት እውነተኛ እርዳታ ነው። ከ2024 ጀምሮ ሜዲኬር ራሱ፣ ከባድ ሕመም ላለበት ሰው በሐኪሙ ቢሮ በኩል የሚሰጥ እንዲህ ዓይነት የማሻገር አገልግሎትን መክፈል ጀምሯል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ወይም አንድ የተረጋጋ ዘመድ ምረጡና ማስታወሻ ደብተር ስጡት። የሕክምና መዝገባችሁን የመውሰድ መብት አላችሁ፣ ስትጠይቁ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ የሐኪሙ ማስታወሻና የምርመራ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ወዲያውኑ በኦንላይን መዝገባችሁ ላይ ይወጣል።

ተሟጋቿ ከአክስቴ ጋር የነበራትን የመጨረሻውን ሰዓት ያዋለችው የአክስቴን ልጅ የኦንላይን መዝገቡን አከፋፈት በማስተማር ነው። ከዚያ አንድ ሰማያዊ ፋይል አስረከበችን፤ ውስጡ የደወለችባቸው ቀናትና ሰዓታት፣ ያነጋገረቻቸው ሰዎች ስምና የሥራ ድርሻ፣ ያልተዘጋ አንድ ቢል፣ እሱን መከራከር የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን በቀይ ተጽፎ። ፋይሉ አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቢሉም ተዘግቷል። የመድኃኒቱ ዝርዝር ግን ከአክስቴ ቦርሳ አይለይም። አዲስ መድኃኒት በታዘዘላት ቁጥር ፋርማሲው መስኮት ላይ ትዘረጋውና «ይሄ ከነዚህ ውስጥ በሌላ ስም አለ?» ብላ ትጠይቃለች።